ስሜን ከተቃውሞው ላይ አንሡልኝ

ለሞንትጎመሪ ካውንቲ የአልኮል መጠጥ ፈቃድ ቦርድ
ለሰፈሬ ነዋሪዎች በሙሉ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ የሰፈራችን ሱቅ የቢራና የወይን ጠጅ መሸጫ ፈቃድ መጠየቁን ይመለከታል

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣

በፊታችሁ ባለው የተቃውሞ ፊርማ ዝርዝር ላይ 17ኛው ስም የኔ ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለው። ፊርማው የኔ መሆኑን አልክድም፤ እጄን ይዞ ያስፈረመኝ ሰው የለም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ያ ስም እንዲነሣልኝና በምትኩ ከዚህ በታች የምለው እንዲመዘገብልኝ ነው። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግሁትም የፈረምኩት በሰው ፊት ስለነበር፣ የምመልሰውም በሰው ፊት ይሁን ብዬ ነው።

መጀመሪያ እንዴት እንደፈረምኩ ልናገር። እሑድ ነበር፣ ከቅዳሴ በኋላ። በቤተ ክርስቲያኑ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆመን ሻይ ይዘን ስንጫወት አንድ የማከብረው ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። «መታጠፊያው ላይ ያለው ግሮሰሪ ቢራ ሊጀምር ነው። ሰፈራችን ሊበላሽ ነው፤ ፈርሙ» አለን። ግሮሰሪና ቢራ አንድ ላይ ሲነሡ የአዲስ አበባ ልጅ ምን እንደሚታየው የአገሬ ሰው ያውቀዋል። ለእናንተ ግን ማስረዳት ይኖርብኛል። እኛ ዘንድ ግሮሰሪ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ሽንኩርትና ዘይት የሚሸመትበት ቤት ማለት አይደለም፤ ቢራና ድራፍት ቁጭ ብለው የሚጠጡበት ጠባብ መጠጥ ቤት ነው። እኔ ያደግሁት ከእንዲህ ያለ ግሮሰሪ ጀርባ ነው። ግድግዳችን አንድ ነበር። የሒሳብ የቤት ሥራዬን የሠራሁት የቢራ ሳጥን ሲጎተት እየሰማሁ ነው። እንቅልፍ የሚወስደኝም ሁለት ሰዎች «እኔ ነኝ የምከፍለው»፣ «ሞቼ እገኛለሁ፣ እኔ ነኝ» እየተባባሉ ሲጓተቱ ነበር። እናም ሰውዬው ቃሉን ሳይጨርስ እስክሪብቶውን ተቀበልኩት።

ማክሰኞ ዕለት እንጀራ ልገዛ ወደዚያው ሱቅ ሄድኩ። ማስታወቂያው መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት፤ መፈረም የነበረብኝም እንዲያ ካደረግሁ በኋላ ነበር። የተጠየቀው ፈቃድ ለቢራና ለወይን ብቻ ነው፤ ውስኪ የለበትም፣ አረቄ የለበትም። የሚሸጠውም ገዥው ቤቱ ይዞት እንዲሄድ ነው፤ እዚያ ተቀምጦ መጠጣት አይቻልም። ሱቁ ውስጥ ለነገሩ አንድ ወንበር አለ፤ እሱም የባለሱቋ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስትቀመጥበት ያየኋት ስልኳን ቻርጅ ስታደርግ ብቻ ነው።

በአገራችን ጠላ የጠመቀች ሴት ደጃፏ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ ትደፋበታለች። ጣሳው «ጠላ ደርሷል፣ ግቡ» ይላል። እዚህ ደግሞ ቢራው ገና ሳይመጣ መስኮት ላይ ወረቀት ይለጠፋል። ወረቀቱ «ቢራ ሊመጣ ነው፣ የምትሉት ካለ ኑና ተናገሩ» ይላል። ጣሳው ጠጪን ይጠራል፤ ወረቀቱ ጎረቤትን ይጠራል። እኔ በልጅነቴ ጣሳ ተደናግጬ የሰፈሬን ወረቀት ሳላነብ ቀረሁ።

አሁን ሱቁን ላሳያችሁ። ከፌንተን ጎዳና እስከ ጆርጂያ አቬኑ ድረስ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት በር ሞልቷል፤ ይህም ከእነዚያ አንዱ ነው፣ ስሙን መጥቀስ ግን አያስፈልገኝም። ስፋቱ ከአንድ ሰፊ ሳሎን አይበልጥም። በስተቀኝ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር፣ ጥሬ ቡና፣ ጧፍ። በስተግራ ሩዝ፣ ጥቁር ባቄላ፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ምክንያቱም ከደንበኞቿ ግማሾቹ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቴማላ የመጡ ሠራተኞች ናቸው። ከሰዓት በኋላ እንጀራው ይደርሳል። ገና ሙቀቱ ስላልወጣለት ፌስታሉ ከውስጥ ላብ ያወርዳል፤ ባለሱቋ አፉን ከፈት አድርጋ እስኪበርድ ትጠብቀዋለች፤ ቸኩሎ የሚወስድ ካለ «ይሻግትብሃል» ብላ ትቆጣለች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ማታ እዚያው ቆሜ አንድ ነገር አየሁ። ቀለም ቀቢ መሰለኝ፣ ጫማው ነጭ ነጠብጣብ የለበሰ ጎልማሳ ገባ። አንድ ከረጢት ሩዝ፣ አንድ ደርዘን እንቁላል፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣው እያየ «ሴርቬሳ?» አላት። ራሷን ነቀነቀች። ሰውዬው ፈገግ አለ፤ እንደማፈርም አለ። እንቁላሉን ወደ እሷ ገፋ፣ ሩዙን ወደነበረበት መለሰና ወጣ። መኪናው ከመንገዱ ጥግ ስትነሣ ታየችን።

«ጋሼ፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ ነው» አለችኝ እንቁላሉን እየመለሰች። «ቢራ ፍለጋ የሄደ ሰው እንቁላሉንም እዚያው ይገዛል።»

ቀጥላ እንጀራዬን እየጠቀለለች «እርስዎም ፈርመዋል አሉ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የምትጠቀልልልኝም እንደወትሮዋ ከመሐል የመዘዘችውን ለስላሳውን ነበር። የምመልሰው ጠፍቶኝ ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ይህ ደብዳቤ ያኔ ያልመለስኩት መልስ ነው።

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ የሜሪላንድ ሕግ አዲስ ፈቃድ ከመስጠታችሁ በፊት እንድትመዝኗቸው የሚያዛችሁ ነገሮች ተዘርዝረዋል። ሕዝቡ ያስፈልገዋል ወይ፣ ይፈልገዋል ወይ? በአካባቢው ፈቃድ ያላቸው ቤቶች ስንት ናቸው፣ የትስ ነው ያሉት? አዲሱ በነባሮቹ ላይ ምን ያመጣል? የሚያቀርበው ነገር የተለየ ነው ወይስ ያው ነው? በጤና፣ በደኅንነት፣ በወንጀል፣ በትራፊክና በመኪና ማቆሚያ ላይስ ምን ያስከትላል? ዝርዝሩ ውስጥ «ባለሱቋ ከየት አገር መጣች» የሚል የለም። «ጎረቤት ይወዳታል ወይስ ይጠላታል» የሚልም የለም። ስለዚህ እኔም ስለ ደግነቷ አልሟገትላችሁም።

ስለ አስፈላጊነቱ የምለው ይህን ነው። በዚህ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ሰንሰለታማ ሱፐርማርኬቶች አዲስ የመጠጥ ፈቃድ እንዳያገኙ ሕግ ይከለክላል፤ ከዚያ በፊት ፈቃድ የነበራቸው ጥቂቶች ብቻ ቀርተዋል። ሕጉን ለመለወጥ አናፖሊስ ውስጥ በተደጋጋሚ ረቂቅ ቢቀርብም እስካሁን አልሆነም። ከሌላ ግዛት የመጣ ሰው ሱፐርማርኬት ገብቶ የቢራ መደርደሪያ ሲያጣ የሚገረመው ለዚህ ነው። ሕግ አውጪዎቹ ይህን ያደረጉት ትልቁ ትንሹን እንዳይውጠው ከሆነ፣ ትንሹ ማለት እንግዲህ ይህች ሱቅ ናት። በትልቁ ላይ የተዘጋው በር ለትንሿም ካልተከፈተ ሕጉ ማንን እንደጠበቀ ግራ ይገባል።

ሌላም ነገር አለ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጥቂት አነስተኛ አምራቾች በቀር መጠጥ በጅምላ የሚያከፋፍለው ካውንቲው ራሱ ነው። ይህች ሴት ፈቃዱን ብታገኝ ቢራውን የሚያመጣላት መኪና በዋናነት የሚነሣው ጌይተርስበርግ ካለው የካውንቲው መጋዘን ነው። ውስኪና ቮድካ በጠርሙስ ገዝቶ ቤቱ መውሰድ የሚፈልግ ሰውም በዋናነት የሚሄደው ካውንቲው ወደሚያስተዳድራቸው ሱቆች ነው። ትርፉ ወደ ካውንቲው ካዝና ይገባል፤ ከካዝናው ደግሞ ለሁላችንም የሚሆን አገልግሎት ይወጣል። በዚህ ቅሬታ የለኝም። ሆኖም በመንግሥት መደርደሪያ ላይ ሲሆን ገቢ የሆነ ነገር፣ በአንዲት ሴት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲገባ ነውር ሊሆን አይችልም። ነውሩ ካለ አሻሻጡ ላይ ነው።

ወደዚሁ አሻሻጥ ልምጣ። ስለዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የማውቀው ነገር አለኝ፤ ያወቅሁትም በመጥረጊያ ነው። ዋሽንግተን መሐል ከተማ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ሠራተኝነት 22 ዓመት ሠርቻለሁ። የማለዳ ፈረቃ ያለው ሰው የመጀመሪያ ሥራው መጥረግ ነው። ሰፈሩ ማታ ምን እንደጠጣ የሚያውቀው ጠዋት የሚጠርገው ነው። በእነዚያ ዓመታት የጠረግሁት ትልልቁን የቢራ ጣሳ ነው፤ ለብቻው ተሸጦ፣ በቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ግማሹ ተጠጥቶ ከጎማ ሥር የተቀመጠው። እና ኪስ ውስጥ የሚገቡት ትንንሽ የአረቄ ጠርሙሶች። ባለ ስድስት ካርቶን ግን እዚያ ተከፍቶ አግኝቼ አላውቅም። ስድስት የገዛ ሰው ቤት አለው፤ ማቀዝቀዣ አለው፤ ምናልባት የሚጠብቀው ሰውም አለው። አንድ ቀዝቃዛ ጣሳ ለብቻው የገዛ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚከፍተው እዚያው ከበሩ ጥግ ነው፤ ሲጨርስ ደግሞ ለሁለተኛው ተመልሶ ይገባል።

ተቃዋሚዎቹ የሚፈሩትም ይህንኑ ነው፤ ፍርሃታቸውም ከንቱ አይደለም። ከሱቁ ትይዩ የሚኖሩ አንዲት አሜሪካዊት እናት አሉ፤ ከፊርማዎቹ የመጀመሪያው የሳቸው ነው። ስሜን ላነሣ እንደሆነ ቀድመው እንዲያውቁ ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ አስቀመጡኝ። ይህን ሰፈር ከ40 ዓመት በላይ ያውቁታል፤ ድሮ ከዚያው መታጠፊያ ላይ በነበረ ሌላ ሱቅ ደጃፍ ማታ ማታ የሚሰበሰቡትን ሰዎች ያስታውሳሉ። ከነዚያ አንዱ የገዛ ወንድማቸው ነበር፤ ዛሬ በሕይወት የለም። ስለ ባለሱቋ ምን እንደሚያስቡ ስጠይቃቸው ሳቁ። በበረዶ ቀን ወተታቸውን በራቸው ድረስ የምታመጣላቸው እሷ ናት። «እኔ የምፈራው እሷን አይደለም» አሉኝ። «የምፈራው ሱቁን ከእሷ የሚገዛውን ነው።»

በዚህ ጉዳይ ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ሰው እናምናለን። «እሷ እንዲህ አታደርግም» ካልን አበቃ። አንድ ቀን ግን ጉልበቷ ይደክማል፤ ወይም ልጇ ወዳለችበት አትላንታ ትሄዳለች፤ ሱቁም ይሸጣል። ያኔ የእሷ ደግነት ከእሷ ጋር ይሄዳል፤ ማቀዝቀዣው ግን እዚያው ይቀራል። እርግጥ ነው፣ ፈቃድ እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም፤ አዲሱ ባለቤት በስሙ እንዲዛወርለት ወደ ቦርዱ መምጣት አለበት። ሲመጣ ግን የሚጠየቀው በተጻፈው ነው። ያልተጻፈውን ማን ያስታውሰዋል? አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል። ለዚህች ሱቅ የምጠይቀውም የሚወረስ ነገር ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ «ከልክሉ» አይደለም፤ «ዝም ብላችሁ ስጡ»ም አይደለም። ፈቃዱ ይሰጥ፤ ከነገደቡ ይጻፍ። ገደቦቹን ከባለሱቋ ጋርም ከእኚያ እናት ጋርም ተነጋግሬባቸዋለሁ፤ እንዲህ ናቸው።

አንደኛ፣ ነጠላ ጣሳና ነጠላ ጠርሙስ ቢራ አይሸጥ። ፋብሪካው ያሸገው ካርቶን አይፈታ። ከዚህ ዝርዝር ሁሉ አንዱን ብቻ ትጽፋላችሁ ብትሉኝ የምመርጠው ይህን ነው፤ የጠዋቱ መጥረጊያ የመሰከረው እሱን ነውና።

ሁለተኛ፣ የቢራው ማቀዝቀዣ ከበሩ አጠገብ ሳይሆን ከሒሳብ መክፈያው ትይዩ፣ ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ይሁን። ሱቁ ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የሚጠብቁ ልጆች ብስኩት የሚገዙበት ነው። በዚያ በኩል ባለው መስኮት ላይ የቢራ ማስታወቂያ አይለጠፍ፤ መብራትም አይብለጭለጭ።

ሦስተኛ፣ የቢራ ሽያጭ ከምሽቱ 9 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት፣ ይቁም። ሱቁ ራሱ የሚዘጋው በዚያ ሰዓት ስለሆነ ባለሱቋ የምታጣው ነገር የለም። ነገ የሚመጣው ባለቤት ግን እስከ እኩለ ሌሊት ልክፈት ቢል ወረቀቱ ይይዘዋል።

አራተኛ፣ ቢራ የሚገዛ ሁሉ፣ ሽበት ያለውም ቢሆን፣ መታወቂያ ያሳይ። ሕጉ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥን ይከለክላል፤ ካውንቲውም ዕድሜያቸው ያልደረሰ ወጣቶችን እየላከ ሱቆችን ይፈትናል። በእኛ ሰው ሱቅ ውስጥ ግን ከዚህ ፈተና የሚከብድ አንድ ነገር አለ፤ ስሙ ይሉኝታ ነው። የጓደኛዋ ልጅ «እትዬ፣ እናቴ ሰላም ብላዎታለች» ብሎ ገብቶ ካርቶን ቢያነሣ፣ መታወቂያ ልጠይቅ ስትል ምላሷ ይተሳሰራል። እናቱን የጠረጠረች ይመስላታል። ደንቡ ለሁሉም ከሆነና ግድግዳው ላይ በአማርኛ፣ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ከተጻፈ፣ ይሉኝታ ቦታ ያጣል። እኔም የ71 ዓመቱ ሰውዬ አሳያለሁ። አይከብደኝም፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል።

አምስተኛ፣ በደጃፉ መብራት ይኑር፤ በየጠዋቱም ደጃፉና ከሕንፃው ጎን ያለው ጠባብ መተላለፊያ ይጠረግ። ጠራጊ ካጣች ሥራውን የሚያውቅ ጡረተኛ ሰፈር ውስጥ አለ።

ይህን ያህል ዝርዝር ለአንዲት ትንሽ ሱቅ ይበዛል የሚል አይጠፋም። ይህ አገር ግን ስለ መጠጥ ከባድ ትምህርት የወሰደ አገር ነው። ከ1920 እስከ 1933 መጠጥን በሕገ መንግሥት ከልክሎ አይቶታል። ሜሪላንድ ያኔ ክልከላውን የሚያስፈጽም የራሷን ሕግ አላወጣችም፤ «ነጻዪቱ ግዛት» የሚለው ቅጽል ስሟም ከዚያው ዘመን የመጣ ነው። ክልከላው በ21ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሲነሣ ጉዳዩ ለየግዛቱ ተተወ፤ እዚህም ወደየካውንቲው ወረደ። ለዚህ ነው ቅርብ ለቅርብ ያሉ ከተሞች እንኳን ለየቅል የሆኑት። ጎረቤታችን ታኮማ ፓርክ እስከ 1983 ድረስ መጠጥ የማይሸጥባት ከተማ ነበረች። በካውንቲያችን ሰሜን ያለችው ደማስከስ ምግብ ቤቶቿ ቢራና ወይን እንዲሸጡ የፈቀደችው በ2012 በሕዝብ ድምፅ ነው። ክልከላ ይሻላል ያሉም፣ ይፈቀድ ያሉም፣ የወሰኑት በቦታው የሚኖሩት ናቸው። እኛም የምንጠየቀው ስለምንኖርበት መታጠፊያ ነው።

እዚህ ላይ ፊቴን ወደ አገሬ ልጆች ላዙር።

ወገኖቼ፣ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ሰው አይቼብናለሁ። አንደኛው «የእኛ ሰው ስለሆነች እንደግፋት» ይላል። ሁለተኛው፣ ሳይናገረው፣ የእኛ ሰው ስለሆነች ይቃወማታል፤ ሌላ ዜጋ ቢሆን ኖሮ ፈቃዱን ሲያገኝ እንኳን ልብ አይለውም ነበር። ሁለቱም ሱቁን አላዩትም፤ ያዩት እሷን ነው። ደጋፊው ውለታ ይቆጥራል፤ ተቃዋሚው ምቀኝነቱን በሰፈር ፍቅር ይሸፍናል። ሕጉ የሚጠይቀን ግን ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ሌሊቱ ጸጥታ ነው።

በሃይማኖት ምክንያት የማይጠጡትንና መጠጥ በአጠገባቸው መሸጡን የማይወዱትን ጎረቤቶቼን አከብራለሁ። ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ሱባኤ የያዘውም ሐሳቡን ይናገር፤ መብቱ ነው። በእኛ በኩል ግን እንተዛዘብ፤ በማኅበራችን ቀን ጠላ ሳይጠመቅ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነው። የቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆመን ቢራን እንደ ርኩሰት ካወራን በኋላ ማታ ሠርግ ላይ የምናደርገውን እናውቀዋለን። የምንቃወም ከሆነ በእውነተኛው ምክንያት እንቃወም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ቦርዱ ጉዳዩን ወደሚሰማበት ስብሰባ እንምጣ። ሳናነብ እንፈርማለን፣ ስንጠራ እንቀራለን፤ ከዚያ ውሳኔውን ሰምተን «መቼ ተጠየቅን?» እንላለን። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮኝ ሄጄ የተባለውን ሳልረዳ «የስ፣ የስ» ብዬ ወጥቻለሁ፤ የተስማማሁበትን ያወቅሁት ደብዳቤው ቤቴ ሲመጣ ነው። ማንም አልከለከለኝም፤ አስተርጓሚ ብጠይቅ አላዋቂ የሚሉኝ መስሎኝ ነው። ዛሬ ያ ሰበብ የለም። ከድንበሩ ማዶ ዋሽንግተን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ ዋና ዋና መሥሪያ ቤቶቿ ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ የእኛም ካውንቲ አማርኛ ለሚናገር ነዋሪ አስተርጓሚ ያቀርባል። አስቀድሞ መጠየቅ ብቻ ነው። የሚያሳፍረው በማያውቁት ነገር ላይ መስማማት ነው፤ በራስ ቋንቋ መናገር አያሳፍርም።

አንቺም እህቴ፣ የሱቁ እመቤት፣ አንድ ቃል ስሚኝ። ፈቃዱን ብታገኚ የገንዘቡ ችግር እንደሚቀልልሽ አውቃለሁ፤ ሽሮና ጧፍ የሱቅ ኪራይ እንደማይከፍሉም አውቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራሽ ይለወጣል። እስከ ዛሬ ለማንም «አይሆንም» ብለሽ አታውቂም። ከዚያ በኋላ ለሰከረ ሰው፣ ለልጅ፣ «አንዷን ብቻ» ለሚልሽ ደንበኛ፣ አንዳንዴም ለዘመድሽ «አይሆንም» ትያለሽ። ይህን ለማለት ልብሽ የማይችል መስሎ ከታየሽ ጥያቄውን ዛሬውኑ መልሺው፤ ማንም አይታዘብሽም። የምትችይ ከሆነ ግን በስብሰባው ቀን ገደቦቹን ሌላ ሰው ሳይጠይቅሽ አንቺ ራስሽ አንብቢያቸው። ከአንቺ አፍ ሲወጡ ክብደታቸው ሌላ ነው።

የተከበራችሁ የቦርዱ አባላት፣ ሐሳቤን ልጠቅልል። በተቃውሞ ዝርዝሩ ላይ 17ኛውን ስም ሰርዙልኝ። የደጋፊዎች ዝርዝር ካለ እዚያ ላይ በዝምታ አትጻፉኝ፤ ከላይ ባሉት አምስት ገደቦች ሥር ጻፉኝ። ገደቦቹ ከፈቃዱ ጋር ካልተጻፉ ድጋፌ የለም። እኚያ እናት በአካል መምጣት ስለሚከብዳቸው የነገሩኝን እኔ በስብሰባው ላይ አነበዋለሁ፤ የሳቸውን በእንግሊዝኛ፣ የራሴን በአማርኛ።

ለጎረቤቶቼም ይህን ላስታውስ። በሜሪላንድ የመጠጥ ፈቃድ የዓመት ነው፤ በየዓመቱ ኤፕሪል 30 ያበቃል፤ ባለቤቱም እንዲታደስለት ይጠይቃል። የግዛቱ ሕግ እንደሚለው ከዚያ ቀን ቢያንስ 30 ቀን ቀደም ብሎ 10 የአካባቢው ነዋሪዎች ወይም ንብረት ያላቸው ሰዎች በፊርማቸው ከተቃወሙ፣ ዕድሳቱ ጉዳዩ በስብሰባ ሳይሰማ አይሰጥም። በየጠዋቱ በዚያ መተላለፊያ አልፋለሁ፤ ከጎማ ሥር ምን እንዳለም ዝቅ ብዬ አያለሁ። የተጻፈው ካልተከበረ ከ10ሩ ስሞች አንዱ የኔ ይሆናል። ያኔ ግን አንብቤ ነው የምፈርመው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈሩ ነዋሪና የሱቁ ደንበኛ

ግልባጭ፦
ለሱቁ ባለቤት
ከሱቁ ትይዩ ለሚኖሩት እናት
እሑድ ወረቀቱን ላስፈረመኝ ወንድሜ